የቁንዝላው ኑግ

ሰኞ፣ የካቲት 3

ዛሬም ቀዩና አረንጓዴው አልተስማሙልኝም። ከቁንዝላው የኑግ ከረጢት ካወጣሁት ከአንዱ ፍሬ የበቀለውን ሥር በማይክሮስኮፕ ሳየው ክሮሞዞሞቹ ወገባቸው ላይ ቀይ ያበራሉ፤ ከሌላው ፍሬ የበቀለው አረንጓዴ። ቀይ የኑግ ምልክት ነው። አረንጓዴ የመጭ፣ የኑግ የዱር ዘመድ። ሴሉ ሲከፈል ክሮሞዞሙ የሚጎተተው በዚያ ወገቡ ነው፤ እዚያ ያለው የዘር ጽሑፍ ደግሞ ያው አጭር ቃል ነው፣ ሺህ ጊዜ፣ ያው፣ ያው። የሚገርመው፣ ሥራው ሳይለወጥ ቃሉ ከዘመድ ዘመድ ቶሎ ይለዋወጣል።

አማካሪዬ ዶክተር ደስታቸውን አልቻሉትም። "ኑጉ አሮጌውን ቃል ጥሎ አዲሱን ሲይዝ እጅ ከፍንጅ ያዝሽው እኮ!" አሉኝ። መመረቂያዬ የቆመው በዚህ ላይ ነው። ዓርብ አስረክባለሁ።

እጅ ከፍንጅ የተያዝሁስ እኔ ነኝ።

ማክሰኞ

ልጻፈው እንግዲህ። ለማንም ያልነገርሁትን።

አምና በታኅሣሥ ጋሼ ይበልጣል፣ የቤተ ሙከራችን ባለሙያ፣ ከሐይቁ ማዶ ከቁንዝላ ሁለት ከረጢት ፍሬ ይዞ በጀልባ መጣ። አንዱ ኑግ፣ አንዱ ከዚያው እርሻ ዳር የለቀመው መጭ። ውኃ ነክቷቸው ነበር። "ጓሮ ሰሌን ላይ ለየብቻ አስጪው፤ ዓይንሽን እንዳትነቅዪ" ብሎኝ ሄደ። ስልክ ተደወለልኝ። ዘወር አልሁ። ስመለስ የሐይቁ ነፋስ ሰሌኑን ገልብጦታል። የመጭ ፍሬ ትንሽ ያንሳል እንጂ ቁርጥ ኑጉን ነው! በእጄ ጠርጌ፣ በዓይኔ ለይቼ ወደየከረጢቱ መለስሁት። ለየሁ ብዬ።

ሲመጣ "አልተቀላቀለም አይደል?" አለኝ።

"ኧረ በጭራሽ!" አልሁት።

በፋሲካ ማግስት ሞተ። ወባ ነው አሉ። ከረጢቶቹ ላይ ያለው ጽሕፈት የእሱ ነው። ባየሁት ቁጥር ከረጢቶቹን ወደ ግድግዳው አዞራቸዋለሁ።

ረቡዕ

ምሳ ሰዓት ላይ ቤተ ሙከራው ውስጥ ብቻዬን ነበርሁ። የሥር ጫፍ በአውራ ጣቴ መስታወቱ ላይ ስጫን ከኋላዬ "አልተቀላቀለም አይደል?" አለኝ። የጋሼ ድምፅ ነው፣ እምላለሁ። ዞርሁ። ማንም የለም። ማቀዝቀዣው ብቻ ያጉረመርማል። በስመ አብ ብዬ ወጣሁ። እስከ ሐይቁ ዳር ሄድሁ፤ እዚያም ደንገሉ ሲንሿሿ ያችኑ ጥያቄ ነው የምሰማው። ኧረ ተወኝ ጋሼ!

ከሰዓት ለዶክተር "ፍሬው ተቀላቅሎ ይሆናል" አልኋቸው። ይሆናል! ፊታቸው ጠቆረ። "ከረጢቶቹ ላይ የጻፈው ይበልጣል ነው። የሰብሳቢው ስህተት ብለሽ ስሙን ጠቅሰሽ አንድ መስመር ጨምሪ። እሱ እንደሆነ ከእንግዲህ ምን ይነካዋል?" አሉ።

ጨመርሁ። አንድ መስመር ብቻ። ሲቀለኝ ታወቀኝ፤ ወዲያው ራሴን ጠላሁት።

ሐሙስ

እትዬ የሺ ደወለች፣ የጋሼ ይበልጣል ሚስት። "እቱ፣ ከመመረቂያ ጽሑፍሽ የሱ ስም ያለበትን ገጽ አሳትመሽ አምጭልኝ። ከፎቶው ጎን ላደርገው ነው" አለችኝ።

ስሙ ያለበት ገጽ! ስሙ ያለው እዚያች የስህተት መስመር ላይ ብቻ ነው። እሺ ብዬ ዘጋሁ።

ዓርብ

መስመሯን ሰረዝኋት። ለዶክተር ሁሉንም ነገርኋቸው፦ ስልኩን፣ ነፋሱን፣ ውሸቱን።

"አንድ ዓመት ወደ ኋላ ትቀሪያለሽ፤ ገብቶሻል?" አሉኝ።

"ገብቶኛል" አልሁ። አላስረከብሁም። ከዚያው ገበሬ ጎተራ ሌላ ኑግ ላመጣ ሰኞ ቁንዝላ እሄዳለሁ።

ቅዳሜ

ጠዋት ፋሲሎ ሰፈር፣ እትዬ የሺ ቤት ሄድሁ። ገና በር ላይ ሳለሁ ጀመርሁት፤ ከተቀመጥሁ እንደማልናገረው አውቃለሁ። ስልኩንም ነፋሱንም ነገርኋት።

"ሲመለስ ጠየቀሽ?" አለችኝ።

"ጠየቀኝ።"

"አልተቀላቀለም አልሽው?"

"አዎ፣ እትዬ።"

"እንግዲያ አምኖሽ ነው የሞተው" አለች።

ምነው በጮኸችብኝ! በሩን እንደተከፈተ ትታ ወደ ውስጥ ገባች። ግቢ አላለችኝም፤ ሂጂም አላለችኝም። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ።