የአባትህ ሰማንያ

ለምወድህ ልጄ፣

እንዴት ከርመሃል? ያ ሳል ለቀቀህ ወይስ አሁንም መስኮት ከፍተህ ነው የምትተኛው? ባለቤትህ ደህና ናት? ትንሿስ ጥርሷን አብቅላ ጨረሰች? እኔ ከጉልበቴ በቀር ምንም አልልም፤ ጉልበቴንም ለምጄዋለሁ። አባትህም ደህና ነው። ማለቴ ጠዋት ከቤት ሲወጣ ደህና ነበር፤ አሁን በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ እንጃ።

ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስጻፈሽ እንዳትለኝ። አባትህ ስልክ በተደወለ ቁጥር ድምፁን ከፍ አስደርጎ እኩል ካልሰማ ሰላም የለውም፤ ይህን ደግሞ እሱ መስማት የለበትም። ስለዚህ ጠረጴዛውን ወደ መስኮቱ ስቤ፣ ዓይኔን ከውጭው በር ሳልነቅል እጽፍልሃለሁ። የመኪናዋን ድምፅ ከሰማሁ ወረቀቱን ሶፋው ሥር እወሽቀዋለሁ።

የላክኸው ዕቃ ደርሷል። ጥርስ ያላት፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ፕላስቲክ። አባቴን ላስደስት ብለህ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ተባረክ፤ ግን ልጄ፣ ጉድ ነው የሠራኸኝ። ባለፈው መጥተህ ከጎኑ ተቀምጠህ ስልክህን ስታይ መልእክት የምታነብ መስሎኝ ነበር። ለካ የመኪናዋን ፍጥነት በስልክህ እየለካህ ኖሯል። ስትሄድ በር ላይ ጠርተኸኝ፣ «እማዬ፣ የፍጥነቱ ቀስት ስልሳ ሲል እውነቱ አርባ ሁለት ነው፤ መለዋወጫውን ፈልጌ እልክለታለሁ፤ እንዳትነግሪው» ስትለኝ ዝም አልኩህ። ነገሩ አዲስ ሆኖብኝ እንዳይመስልህ። ካንተ በፊት አውቀው ነበር።

አንተ ሥራ ይዘህ ከቤት በወጣህ ሰሞን የጣውንቴ ካምቢዮ ተሰበረ። ጣውንቴ የምላት መኪናዋን እንደሆነ መቼም ታውቃለህ፤ ከእኔ በፊት ያገኛት፣ ከእኔ ይልቅ በጨርቅ የሚወለውላት እሷን ነው። ለእንደሷ ላለች አሮጊት መለዋወጫ ከየት ይመጣል? መካኒኩ ካቻቪቴ ከሌላ መኪና የተነቀለ ካምቢዮ ገጠመላት። መሄዱን ሄደች፤ ቀስቷ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አጋንና ማውራት ያዘች። አባትህ እጁን ሊታጠብ ዞር ሲል ካቻቪቴ ጠጋ ብሎኝ፣ «እትዬ፣ ካምቢዮው የሌላ ስለሆነ የፍጥነቱ ቀስት ይዋሻል። ቀስቱን የምታዞረዋን ትንሿን ባለጥርስ ዕቃ ስናገኝ እናስተካክለዋለን። ለጋሼ ልንገራቸው?» አለኝ። ምን ቆርጦህ! አልኩት።

አባትህ ያኔ እንዴት ይነዳ እንደነበር አትረሳውም። «ሰማንያ የሰው ፍጥነት ነው፣ ከዚያ በላይ የእብድ ነው» ይልና ከሰማንያ አያልፍም፣ ከሰማንያም አይወርድም። ጠመዝማዛ ይሁን፣ ዝናብ ይሁን ግዱ አልነበረም። በእኔ በኩል ያለው መስታወት ብርድ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጣል፣ እኔም አብሬው። የሌለ ፍሬን ስረግጥ ስንት ጫማ ጨርሻለሁ! በዚያ ላይ የቀኝ ዓይኑን ሞራ ጀምሮት ነበር፤ ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው መስታወቱ ነው የቆሸሸው ይለኛል። ታዲያ ፈጣሪ በካቻቪቴ እጅ ሰማንያውን ሃምሳ ስድስት ሲያደርግልኝ፣ እኔ ማን ነኝና አስተካክሉት የምለው? ካቻቪቴን አስማልኩት። ከዚያ ወዲህ መስታወቱም ዝም አለ፣ እኔም ዝም አልኩ። ጭነት መኪኖች ጡሩምባቸውን እየነፉ ሲያልፉን አባትህ፣ «አብደዋል፣ መቶ ሃያ እኮ ነው የሚበሩት!» ይላል፤ እኔ «አይ ጊዜ!» እላለሁ። ስንት ዓመት እንዲህ በሰላም ኖርን።

በእነዚያ ዓመታት አንድ ቀን ብቻ ነው ከሰማንያ ሲያልፍ ያየሁት። ትርፍ አንጀቴ ሊፈነዳ የደረሰ ዕለት፣ ከኋላ ወንበር ላይ ተጋድሜ ሆዴን ይዤ ሳቃስት ያ መስታወት መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቀና ብል ቀስቱ መቶ አስር ላይ ነው። አባትህ አንድ እጁን ወደ ኋላ ሰዶ እጄን ይዟል፣ መሪው በአንድ እጁ ብቻ ነው። «አይዞሽ፣ ደርሰናል» ይለኛል። ይህ ሰው በድንጋጤ አበደ ብዬ፣ ከሕመሜ ይልቅ እሱ አስፈራኝ። ይህን የማነሳልህ ልጓም ካጣ የት ድረስ እንደሚሄድ እንድታውቅልኝ ነው።

ዕቃህን ተቀብዬ ልደብቃት ነበር ሐሳቤ። ያመጣው ሹፌር ግን አባትህን በር ላይ አገኘውና በእጁ ሰጠው። «አባዬ፣ ቀስትህ እውነቱን እንድትነግርህ» ብለህ ጽፈህበታል አይደል? ወረቀቱን ወደ ግራ ዓይኑ አስጠግቶ አነበበው። እኔ ወጥ ቤት በር ላይ ማንኪያ ይዤ ቀረሁ። መነጽሩን አወለቀ፣ «ጎበዝ ልጅ» አለ፣ ዕቃዋን ከነወረቀቱ ኮቱ ኪስ ከተተ። ዛሬ ጠዋት ካቻቪቴ ዘንድ ይዟት ሄደ።

ልጄ፣ ፈርቻለሁ። ቀስቷ ከተስተካከለች እኮ አባትህ ሰማንያዬን ይላል! የቀኙን መንገድ በግማሽ በሚያይ ዓይን፣ እውነተኛውን ሰማንያ። ደግሞ ካቻቪቴ ፊት ለፊት ከጠየቁት መዋሸት አይችልም፤ ጆሮው ይቀላል። «እትዬ ናቸው ተወው ያሉኝ» ካለውስ? አባትህ በሰው ፊት ሁሉ፣ «ከእሷ አፍ ውሸት ወጥቶ አያውቅም» እያለ የኖረ ሰው ነው። በዚህ ዕድሜዬ ምን ዓይን ይዤ አየዋለሁ? ለካቻቪቴ ደጋግሜ ደወልኩ፣ አያነሳም። ውሃ ጥጄ ረስቼው ማንቆርቆሪያው ከሰል መስሏል። ቅድም በሩ ሲንኳኳ ነፍሴ ልትወጣ ነበር፤ ጎረቤታችን ናት፣ መሰላል ልትዋስ። ምሳ ሰዓት ካለፈ ቆየ። አንዲት ፕላስቲክ ለመግጠም ይህን ያህል

መጣ።

ልጄ፣ ይኸው በማግስቱ ቀጠልኩ። አባትህ ውጭ መኪናዋን እየወለወለ ነው።

ትናንት ገብቶ እጁን ታጠበ፣ ያቀረብኩለትን ምሳ ጠርጎ በላ። ሲጨርስ፣ «ተነሺ፣ እንሞክራት» አለኝ። ምኑን ስለው፣ «ልጅሽ የላከውን ነዋ። ካቻቪቴ ገጥሞልኛል» አለ። አመመኝ ልል አስቤ፣ ብቻውን እንዳይሄድ ብዬ ነጠላዬን ሳብ አድርጌ ገባሁ።

ዋናው መንገድ ላይ ወጣን። አርባ አለች፣ ስልሳ አለች፣ ሰማንያ ላይ ቆመች። ዓይኔን ጨፍኜ ያ መስታወት እስኪጀምረው ጠበቅኩ። ብጠብቅ፣ ብጠብቅ ዝም ነው። ዓይኔን ስገልጥ ሲሚንቶ የጫነ መኪና ጡሩምባውን እያንባረቀ አልፎን ሄደ። «አብደዋል፣ መቶ ሃያ!» አለ አባትህ። ከመንገዱ ዓይኑን ሳያነሳ፣ «ዛሬ አይ ጊዜ አትይም እንዴ?» አለኝ። አይ ጊዜ አልኩ።

ከገባን በኋላ ኮቱን ልሰቅል ሳነሳው ኪሱ ውስጥ አንዳች ነገር ጣቴን ቧጠጠኝ። ዕቃህ ናት። ከነላስቲኳ፣ ከነወረቀቷ፤ ቅባት እንኳ አልነካትም። ኪሱ ጥጉ ላይ ተተርትሮ ስለነበር እንዳትወድቅበት በመርፌ ጠቀም ጠቀም አድርጌ መልሼ ከተትኳት። ዛሬ ጠዋት ኮቱን ሲለብስ እጁን ኪሱ ውስጥ ሰደደ፣ ስፌቱን በጣቱ ሲዳስስ አየሁት። ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ «ያቺ መወልወያ ጨርቅ የት ገባች?» አለኝና ወጣ።

የዓይኑ ነገር አሁንም እንቅልፍ ይነሳኛል። እኔ ስናገረው አይሰማም፤ ስትመጣ አንተ ሐኪም ቤት ውሰድልኝ፣ መሪውንም አንተ ያዝ፤ እሱ ከኋላ ከእኔ ጋር ይቀመጥ። ስልክህ ግን በሞቴ ከኪስህ አትውጣ። ሌላም መለዋወጫ አትላክ። እሑድ ስትደውል፣ «አባዬ፣ ቀስቷ እንዴት ሆነች?» ብለህ ጠይቀው። ድምፁን ከፍ ስለሚያደርገው አጠገቡ ሆኜ እሰማለሁ፤ ምን ብሎ እንደሚመልስልህ መስማት አምሮኛል። ብቻ እንዳትስቅ።

ሞት ይርሳኝ፣ ለትንሿ የሠራሁላት ሹራብ ተጠናቋል፤ ያው ሹፌር ያመጣላታል። ሳልህን ጠንቀቅ፣ መስኮትህን ዝጋ። የያዝከው ሁሉ ይለምልምልህ፣ ቤትህን ክፉ አይርገጠው፣ ለልጅህ እንደ አንተ ያለ ልብ ይስጣት፤ በመንገድህ ሁሉ ፈጣሪ ቀስ አድርጎ ያድርስህ።

እኔ እንጃ ልጄ፣ ከትናንት ጀምሮ ያ መቶ አስር ከዓይኔ አልጠፋ አለ፤ ሳሰላው እውነቱ ሰማንያ እንኳ አይሞላም። እጄን እኮ አልለቀቀኝም፤ ሐኪም ቤቱ በር ድረስ።

የምትወድህ እናትህ