«ሁለት ሰው»፦ ከሐጂ ምድር ቤት እስከ ሃምቡርግ

ማክሰኞ፣ አፕሪል 14፤ 14፡40

ኤስ-ባን ባቡር ውስጥ። ከካርጎ መጋዘን የማለዳ ፈረቃ ወጥቼ የሥራ ጃኬቴን እንኳን አላወለቅኩም። እጄ ካርቶን ካርቶን ይሸታል። ጉልበቴ ላይ ነው የምጽፍብሽ፤ ፊደሌ ቢንጋደድ ጥፋቱ የባቡሩ ነው።

ኢሜይል መጣ! አራት ጊዜ አነበብኩት። ማይን ወንዝ ዳር በሚደረገው የቅዳሜ ከሰዓት ሙዚቃ ላይ አንድ ዲጄ ቀርቶባቸዋል። በሚቀጥለው ወር፣ ማይ 2፣ ከ16፡00 ጀምሮ ለአንድ ሰዓት እንድንተካው ይፈልጋሉ። እኔንና ዮናስን! እስካሁን የተጫወትነው ሁለት ሠርግና አንድ ልደት ላይ ነው። ልደቱ ላይ ጎረቤት ፖሊስ ጠርቶብናል።

ለዮናስ ደወልኩ። አያነሳም። አረጋውያን ቤት ሥራ ላይ ሲሆን ስልኩን ቁም ሣጥን ውስጥ ነው የሚቆልፈው። አዲስ ደብተር ስለሆንሽ ላስተዋውቅሽ። ዮናስ ማለት ከአራት ዓመት በፊት ሮደልሃይም ሰፈር የጀርመንኛ ኮርስ ላይ አጠገቤ የተቀመጠ ልጅ ነው። መምህሯ ስለ ቀጠሮ አከባበር ስታወራ እሱ ጠረጴዛውን በእርሳስ ይደልቅ ነበር። እኔ በጣቴ መለስኩለት። ሁለታችንንም አስወጣችን። በቃ፣ ያኔ ተጀመረ። እሱ የጎንደር ኦርቶዶክስ፣ እኔ ነጃት የወራቤ ልጅ። ስማችን «ሁለት ሰው»፤ ወያላ ሁለት ቦታ ሲቀረው የሚጮኸው። ጀርመኖቹ «ሁለትዞ» ይሉናል። ይሁን።

አሁን ደወለ! ቆይ።


ሐሙስ፣ አፕሪል 16

ባንሆፍስፊርቴል፣ ባቡር ጣቢያው ሰፈር፣ የሐጂ ሰማን ሱቅ ምድር ቤት። ዙሪያውን ሩዝ፣ ዘይት፣ የስልክ ሽፋን በካርቶን። መሀሉ ላይ የእኛ ማጫወቻ። ሐጂ ቁልፉን ሲሰጡን አንድ ነገር ብቻ ነበር ያስጠነቀቁን፤ በሶላት ሰዓት ጸጥታ።

ዛሬ ከዮናስ ጋር ተጣላን። ዮ. ይቸኩላል። እኔ አረዝማለሁ። እኔ ዘፈን ላይ እንደምተኛ ነገረኝ። እሱ ዘፈን እንደሚያባርር ነገርኩት። በመሀል ደረጃው ላይ የእግር ኮቴ። አለቀልን፣ ሊያስወጡን ነው ብለን ድምፁን ገደልነው።

ሐጂ ካርቶን ታቅፈው ቆመዋል። «ሙዚቃችሁን አልጠላሁትም» አሉ። «ግን ዘፋኙ ገና ትንፋሹን ሳይሰበስብ ለምን ታስወጡታላችሁ?»

ዮ. አየኝ። እኔም አየሁት። እሳቸው ካርቶኑን አስቀመጡና አጨበጨቡ። ሁለት ዘገም ያለ፣ ሦስት ፈጠን ያለ። በወጣትነታቸው ስልጤ ውስጥ ሠርግ ላይ ጭብጨባ ይመሩ ነበር። እኔ በሦስት ዓመት አላወቅኩም! አንዱ ዘፈን ሲያልቅ ጭብጨባውን አታቁሙ፣ ሰው እሱን ይዞ ነው ወደሚቀጥለው የሚሻገረው አሉን። «ሐጂ፣ በአላህ ይድገሙልን» ብዬ ስልኬን ከፈትኩ።

«ፊቴን አትቅረጪ። እጄን ብቻ።»

አርባ ደቂቃ ቆዩ። ላይ ደንበኛ ይጣራል፣ እሳቸው አይሰሙም።


ቅዳሜ፣ ማይ 2፤ 20፡30

ቤት ገባሁ። እግሬ አሁንም ይዘላል። በቅደም ተከተል ልንገርሽ። ካልቻልኩም ይቅር።

ስንጀምር ካፊያ። ሰው ዛፍ ሥር ተጠግቶ ያየናል። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሰማዩ ተከፈተ፣ ሣሩ ሞላ። ስድስተኛው ዘፈን ላይ የቀኙ ማጫወቻ ፍላሹን አላነብም አለ። ድርግም። የግራው ዘፈን ሊያልቅ አርባ ሰከንድ ቀርቶታል። የዮ. ፊት አመድ መሰለ። ይነቅላል፣ ይሰካል፣ ይነቅላል። ሃያ ሰከንድ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ማይኩ ፊት ቆሜ ማጨብጨብ ጀመርኩ። ሁለት ዘገም፣ ሦስት ፈጠን።

ዘፈኑ አለቀ። ጸጥ። የእኔ እጅ ብቻ። ያቺ አፍታ ዕድሜዬን ቀንሳዋለች።

ከዚያ ፊት ለፊቴ ልጅ ያዘለች ሴት መለሰችልኝ። ከዚያ አጠገቧ ያሉት። ከዚያ ሣሩ በሙሉ!! ዮ. መለዋወጫ ፍላሽ ከኪሱ አገኘ፤ ከበሮውን ከጭብጨባው ሥር ቀስ አድርጎ አስገባው። ሳይቸኩል! ጩኸቱን ብትሰሚው። ዮ. ያለቅሳል፣ ዝናብ ነው ይለኛል። ዝናቡ ካቆመ ቆይቷል።

ስንወርድ አንዲት ቢጫ የዝናብ ልብስ የለበሰች ረጅም ሴት መጣች። ካትሪን ትባላለች፤ ሥራዋ ለዲጄዎች መድረክ ማፈላለግ ነው። ጭብጨባው ታስቦበት ነው ወይ አለችን። ዮ. አዎ፣ እኔ አይ፣ እኩል መለስን። ሳቀች። ረቡዕ ቴርሚን፣ ቀጠሮ አለን።


ረቡዕ፣ ማይ 6

አራት ከተማ! አራት!! በሚቀጥለው ወር ላይፕዚግ ዩኒ 12፣ ሃምቡርግ ዩኒ 20፣ ከዚያ በዩሊ ኮሎኝና ሙኒክ። ሁሉም ከሰዓት፣ ሁሉም ሜዳ ላይ። ካትሪን የባቡሩንም የመኝታውንም ራሷ ታደራጃለች።

ዮ. የመጀመሪያውን ቀን ሲሰማ ብርጭቆውን አሽከረከረ። ከዚያ ጮክ ብሎ ሳቀና «እንመጣለን» አለ። ደስታ ነው ያስደነገጠው። እኔም እኮ ሽንት ቤት ገብቼ ብቻዬን ዘልያለሁ።


ረቡዕ፣ ማይ 13

ኡርላውቤ፣ የሥራ እረፍቴ፣ ጸደቀ። ሮደልሃይም ድልድዩ ሥር ፎቶ ተነሳን። በሁሉም ላይ ዮ. ዓይኑን ጨፍኗል። እናቴ ደወለች፤ ነገርኳት። ሰው ቆሞ ነው ወይስ ተቀምጦ የሚያዳምጣችሁ አለች። ቆሞ አልኳት። እንዲያ ከሆነማ ምቹ ጫማ አድርጊ አለችኝ። እዚህ ኩሽና ውስጥ ብቻዬን እንደ ዕብድ ሳቅኩ።


ሐሙስ፣ ማይ 21፤ 17፡15

ብዕሩን ወረቀቱ ላይ እየጫንኩ ነው የምጽፈው። ከደስታ አይደለም።

ዮ.ን ልወስደው ሪደርቫልድ ሄድኩ፣ አረጋውያን ቤቱ። በር ላይ የዮ. አለቃ አገኘችኝ። በሙዚቃችሁ ቀኑን እንዳታስረሺው አለችኝ እየሳቀች። የምን ቀን? ዩኒ 12 ነዋ፣ የተግባር ፈተናው፣ የሦስት ዓመት የሙያ ሥልጠናው፣ የአውስቢልዱንጉ መጨረሻ። ሁላችንም አውራ ጣታችንን ጨብጠንለታል አለችና እንደ እነሱ የመልካም ዕድል ልማድ አሳየችኝ።

ዩኒ 12። ላይፕዚግ።

ዮ. ጃኬቱን እየለበሰ ወጣ። ፊቴን አይቶ ገባው። እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ ቀድሜው ሄድኩ። ፌርማታው ላይ ፈነዳሁ። የዛን ቀን ታምሜያለሁ ሊላቸው ነበር። ከወራት በኋላ ይደግመዋል፣ ካስደገሙት። ግን የመኖሪያ ወረቀቱ የታሰረው በትምህርቱ ነው! ፈተናውን ካለፈ ወረቀቱ ይስተካከልለታል። ካመለጠው ማንም ዋስትና አይሰጠውም።

«ስድስት ዓመት ሙሉ ወረቀት ያዘዘኝን ነው ያደረግኩት» አለኝ። «አንድ ቀን እኔ ያልኩት ቢሆን ምናለበት?»

«ከአገር ቢያስወጡህ የቱ መድረክ ላይ ነው የምትቆመው? ንገረኝ እስኪ!»

አውቶቡሱ መጣ። አልተሳፈረም። እኔ ተሳፈርኩ። በመስኮቱ ዞሬ አላየሁትም። ዋሸሁ፤ አይቻለሁ።


ዓርብ፣ ማይ 22

ለካትሪን ደወልኩ። ለዮ. ሳልነግረው። እውነቱን አወራኋት። አዳመጠችኝ። የላይፕዚጉ ቀን አይቀየርም፣ ፕሮግራሙ ታትሟል። ብቻሽን ሂጂ አለች፤ ስንት ሰው እንደቆመ ማንም አይቆጥርም።

እንደማልሄድ ነገርኳት። እንግዲያው የቀሩት ሦስቱም ምን እንደሚሉ አላውቅም፣ ማክሰኞ እደውልልሻለሁ አለች።

ከዚያ ለዮ. ነገርኩት። ያመሰግነኛል ብዬ! ተቆጣ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ሳትጠይቂኝ ሠረዝሽው አለኝ። አንተስ ፈተናውን ሳትነግረኝ እንመጣለን አልክ አልኩት። መጨረሻ ላይ፣

«ሁለታችንም ለየብቻችን ወሰንን ማለት ነው» አለ።

«አዎ።»

«አይደገምም።»

«አይደገምም።»

ነገ ሐጂ ጋ፣ 15፡00። ለማንም ባንጫወትም እንለማመዳለን።


ማክሰኞ፣ ማይ 26፤ 11፡05

የካርጎ እረፍት ክፍል። ደወለች!!! ላይፕዚግ ለሌሎች ተሰጠ። አመመኝ፣ ላንቺ አልዋሽም። ግን ሃምቡርጎቹ የወንዝ ዳሩን ቪዲዮ አይተውታል። ጭብጨባውን። አንድ ሰዓት የነበረውን አንድ ሰዓት ተኩል አድርገውታል! ኮሎኝም ሙኒክም እንዳሉ ናቸው። እንደ ቆቅ ዘለልኩ፣ የማሽኑ ቡና ሱሪዬ ላይ ተደፋ። አለቃዬ ምን ሆነሽ ነው አለኝ። ሃምቡርግ አልኩት። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

ዮ. መልእክቴን አንብቦ አንድ ቃል መለሰ፦ «ልጥና።»


ዓርብ፣ ዩኒ 12፤ 13፡30

ሪደርቫልድ፣ አረጋውያን ቤቱ ፊት ለፊት ያለ አግዳሚ። ከጠዋት ጀምሮ ውስጥ ነው። ይሄኔ ላይፕዚግ ገመድ እየሰካካን እንሆን ነበር። አስቤዋለሁ፣ አዎ። ሁለት ጊዜ።

ወጣ። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ውጤቱ በወረቀት የሚመጣው በኋላ ነው። ግን ፈታኟ ስትሰናበተው እጁን ጨብጣ «ኸር ኮሌገ» ብላዋለች። ባልደረባዬ ማለቷ ነው። ይህን ሦስት ጊዜ ነገረኝ፣ በየጊዜው ድምፁን እየቀየረ። ከዚያ መንገድ ላይ ዝም ብለን ተሳሳቅን። አንዲት አሮጊት በመስኮት እጃቸውን አወዛወዙለት።


ሐሙስ፣ ዩኒ 18

የካርጎ አለቃዬ ቢሮ ጠራኝ። ቋሚ ኮንትራት! ሙሉ ቀን፣ የመጨረሻ ቀን የሌለው። ሁለት ዓመት የለመንኩት። ግን በየወሩ ሦስት ቅዳሜና እሁድ ግዴታ ነው። ወይም ግማሽ ቀን፣ ከሰኞ እስከ ሐሙስ፣ ቅዳሜና እሁዱ ነፃ። መልስ እስከ ሰኞ።

ዛሬ አልወስንም። ዛሬ ልብስ እያጠፍኩ ነው።


እሁድ፣ ዩኒ 21፤ 12፡20

ከሃምቡርግ የሚመለሰው ባቡር። ድምፄ የለም። ተዘግቷል፣ ጠፍቷል። እጄ ግን ይጽፋል።

አንድ ሰዓት ተኩል! ሜዳው ከወንዝ ዳሩ አምስት እጥፍ። ስንወጣ ማንም አያውቀንም፣ ጀርባውን ሰጥቶ ቋሊማውን ይበላል። ዮ. የመጀመሪያውን ዘፈን ሊቆርጥ ሲል ክንዱን ያዝኩት። ጠበቀ። ትንሽ፣ ትንሽ። አንድ ጭንቅላት ዞረ። ሃያ ዞረ። ከዚያ ቁጥሩ ጠፋኝ። ሲያልቅ አላስወርድ ብለውን ሁለት ዘፈን ጨመርን፣ አዘጋጁ ራሱ በምልክት ቀጥሉ እያለን። አንዲት ልጅ በስማችን ጠራችን፣ አስተካክላ፣ «ሁለት ሰው!» ብላ። ሐበሻ መሰለችኝ። አይደለችም። ከቪዲዮው ነው የተማረችው።

ካትሪን ጠዋት ሦስት ከተሞች ለሴፕቴምበር እንደጠየቁን ጻፈችልን። ሁሉም ቅዳሜና እሁድ።

ዮ.ን ጠየቅኩት። በዚህ ጊዜ ጠየቅኩት። የቋሚውን ኮንትራት ነገር ከሐሙስ ጀምሮ ውስጤ ይዤው እንደነበር ነገርኩት። ሜዳ፣ ነፋስ ወፍጮ፣ ሜዳ አለፈ። እኔ ኮንትራቱን ተዪው ብልሽ ለእኔ ይሆናል፣ ያዢው ብልሽ ፈርቼ ይሆናል፣ አንቺ የምትፈልጊውን ንገሪኝ አለ።

ነገርኩት።

ለካርጎ አለቃዬ የሚሄደውን መልስ አብረን ጻፍነው፣ በእኔ ስልክ፣ ጭኔ ላይ። ግማሽ ቀን፣ ከሰኞ እስከ ሐሙስ፣ ከሴፕቴምበር ጀምሮ፣ ከአክብሮት ጋር። ዮ. ጀርመንኛዬን አርሞ አንዱን «ዴር» ወደ «ዲ» ቀየረልኝ። እንደገና አነበብኩት።

ላክሁት።