እንስራ ተሸክመው የማያውቁት ሠዓሊ የሕይወት ታሪክ

የሰፈሩ ሰው ሁሉ «እትዬ ቀለም» እያለ የሚጠራቸው ሠዓሊ፣ ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1950 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱትም ያደጉትም ቧንቧ ባለበት ግቢ ነው። ይህ ኋላ ስለሚያስፈልገን ይያዝልን።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በአቅራቢያቸው በሚገኘው ትምህርት ቤት ገብተው የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን አጠናቀቁ። የአባታቸው ቁርጥራጭ ጣውላ እጃቸው ከገባ ሳይሥሉበት አያድርም ነበር። በ1968 ዓ.ም. ሥዕል ትምህርት ቤት ገብተው ከአራት ዓመት በኋላ በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቁ። ዘመድ አቅፎ ስሞ እንኳን ደስ አለሽ ካለ በኋላ፣ ለመሆኑ ሥራሽ ምንድን ነው ብሎ ጠየቃቸው። እስከ ዕለተ ሞታቸው መጠየቁን አልተወም።

በ1974 ዓ.ም. ከአውቶቡስ መካኒኩ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። ባለቤታቸው ከተጣለ የአውቶቡስ ወንበር ብረት፣ ከአልጋው ኋላ የሸራ መደርደሪያ ሠሩላቸው። እርሳቸው የሚሥሉት የሚያውቁትን ነበር፦ ከአውቶቡስ ሥር በጀርባቸው የተኙትን ባለቤታቸውን፣ ስፌት መኪናቸው ላይ ያንቀላፉትን እናታቸውን፣ ፋይል ታቅፎ ቢሮ በር ላይ የሚጠብቅ ሰው።

እነዚህን ይዘው ወደ አንድ የሥዕል መሸጫ ጋለሪ ሲሄዱ ባለጋለሪው ገለጥ ገለጥ አድርገው አዩና፣ እጅዎ ጥሩ ነው፣ ግን ይህ የየትም አገር ሰው ነው፣ አፍሪካ የታለች አሏቸው። እርሳቸውም «የሣልኩት እኔ ነኝ፤ ሌላ አፍሪካ ከየት ላምጣልዎት?» ብለው መለሱ። መልሱ ትክክል ነበር፤ እራት ግን አልሆነም። ከዚያ በኋላ በቧንቧ ውኃ ያደጉት ሴት ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ እንስራ አዝለው የሚሄዱ ሴቶችን ሣሉ። «ደመወዞቹ» ይሏቸው ነበር። ዛሬ ሁለት ደመወዝ ጨረስኩ ሲሉ ቤተሰቡ ይስቃል፤ እርሳቸው አይስቁም። ልጆቻቸው የተማሩት በእነዚያ ሴቶች ነው። የሠርግ ስጦታ የቸገረው ዘመድም፣ ለአንቺ ምን አላት እያለ በነጻ ያሠራቸው ነበር፤ ቀለም ከሰማይ የሚዘንብ ይመስል።

በ1996 ዓ.ም. አዳራሽ ተከራይተው የራሳቸውን ሥዕሎች አሳዩ። እንግዳው ለሥዕሎቹ ጀርባውን ሰጥቶ ብስኩት ሲበላ ዋለ። አንድ ጨዋ ሰው ብቻ ቀረብ ብለው፣ ፍሬሙ ለብቻው ይሸጥ እንደሆነ ጠየቁ። ዳግመኛ አላሳዩም።

እዚህ ላይ እውነቱ ይነገር። ይህን የምትጽፈው ታናሽ እህታቸውም ከዚያ ሁሉ ሥዕል መርጣ ሳሎኗ ውስጥ የሰቀለችው ባለእንስራዋን ነው። ከሶፋው ጋር ይሄዳል ብላ! እርሳቸው ምስማሩን ራሳቸው መቱላት።

በ2013 ዓ.ም. ሳንባቸው ታመመ። ሐኪሙ በሚተኙበት ክፍል የቀለም ማቅጠኛ እንዳይሸት አዘዙ፤ ሌላ ክፍል ያለ ይመስል። በዚያን ጊዜ አንድ ሆቴል ያዘዛቸው አሥራ ሁለት ባለእንስራዎች ነበሩባቸው። አሥራ አንዱን ጨርሰው፣ አሥራ ሁለተኛዋን ያለ ራስ ትተው፣ ክሊኒክ ወረፋ ሲጠብቁ በቀጠሮ ካርዳቸው ጀርባ የነደፉትን አግዳሚ ወንበር ከነተቀማጮቹ መሣል ጀመሩ። ትንሽ ሣል አድርገው፣ ትንሽ አርፈው፣ አንድ ዓመት ፈጀባቸው። ሲጨርሱ እህታቸውን ጠርተው «ይኼንንስ ማን ያየዋል?» አሏት።

በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥር 9 ቀን 2015 ዓ.ም. በተወለዱ በ65 ዓመታቸው በቤታቸው አረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸው፣ አንዲት እህታቸውና ከአልጋው ኋላ የቆሙ አርባ አንድ ሸራዎች ቀርተዋል። ፈጣሪ ለነፍሳቸው የማንም ትእዛዝ የማይደርስበት ዕረፍት ይስጥልን።

ለዚህ የቀብር ፕሮግራም ወረቀት ሽፋን ኮሚቴው ባለእንስራዋን መርጦ ነበር፤ የሚታወቁት በእሷ ነው ተብሎ። እህታቸው አሻፈረኝ አለች፤ ለቅሶ ቤት መሆኑን ረስታም ጮኸች። አሁን በእጃችሁ ያለው የክሊኒኩ አግዳሚ ወንበር ነው። አፏን ከፍታ የምታዛጋው ይህችው እህታቸው ናት። ጋዜጣ የያዙት ባለቤታቸው ናቸው። ከእናንተም መሃል ራሱን የሚያገኝ አይጠፋም። አጥፋችሁ ኪስ አትክተቱት፣ አታራግቡበት። ብስኩት የለም፤ ፍሬምም የለውም። እዩት።