ዋሽንቱን ያጣሁበት ምሽት

ዓለሜ፣

ስለ እኔ «ጆሮዋ ደንቁሯል» እየተባለ በሰፈሩ የሚወራው ሐሰት ነው፤ ከእኔው አፍ ስማው። ከታች የምትኖረው ስንዱ፣ «ዱሮ ሙዚቃዋ የፎቁን ደረጃ ይሞላው ነበር፤ አሁን በሯን ብደበድብም አትሰማ!» እያለች ለጎረቤቱ ሁሉ ነዝታለች። በሩን ስትደበድብ ሰምቻለሁ። ልብሴን እየለበስኩ ስለነበር ነው ያልከፈትኩላት። ሙዚቃውንም የተውኩት ኀዘን ላይ ስለነበርኩ ነው። ዓመት ሳይሞላ ዘፈን እንደማይከፈት እሷም አሳምራ ታውቃለች።

እነሆ፣ ከተለየኸኝ ዓመት አለፈ። ተዝካርህ ወጥቷል፤ ጥቁሬንም አውልቄአለሁ። የሸክላ ማጫወቻው ግን እስከ ዛሬ እንደተሸፈነ ነው። ለማንም ያልነገርኩትን ላንተ ልንገርህ፤ ፈርቻለሁ።

ባለፈው ገዴራ ከተማ፣ ልጃችን ዝናሽ ቤት ሄጄ ነበር። ሰንበት ከወጣ በኋላ ልጆቿ ያንን የምትወደውን ዘፈን በስልካቸው ከፈቱልኝ። «ሳብታ፣ የሳባ ዘፈን መጣ!» አሉኝ፤ ያንተን፣ የወንድ አያታቸውን ማለታቸው ነው። ከበሮው ተሰማኝ። የዘፋኙም ድምፅ ተሰማኝ። ዋሽንቱ ግን የለም። ስልኩ ይሆናል ብዬ ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁት፤ የለም። ልጆቹ ሲያጨበጭቡ አብሬ አጨበጨብኩ። ዝናሽ ፊቴን አይታ «ቤሰደር ነሽ፣ እማ?» ስትለኝ፣ ቤሰደር ነኝ፣ ደህና ነኝ አልኳት።

በአውቶቡስ ወደ ቤቴ፣ ወደ ቂርያት ማላኪ ስመለስ፣ ያ የቴል አቪቭ ሸክላ ቤት ትዝ አለኝ። ያቭኔ ፋብሪካ በምትሠራበት ጊዜ ዓርብ ዓርብ ጠዋት እንሄድ ነበር። ያገራችን ሸክላዎች ከኋላ ጥግ፣ በአንድ ካርቶን ውስጥ ነበሩ። ሥራ ተካፍለን ነበር የምንገዛው፤ አንተ በጆሮ፣ እኔ በዓይን። አንተ ማዳመጫውን አድርገህ ትቆማለህ፤ ዋሽንቱ ሲገባ ጣትህን ታነሳለህ። እኔ ደግሞ ሌላውን ሸክላ ከልባሱ አውጥቼ፣ ጠርዙን ብቻ ይዤ፣ ወደ መብራቱ እያዘነበልኩ ጭረት እፈልጋለሁ። ሻጩ ወጣት «ያላ፣ ዶዳ፣ አልማዝ እኮ አይደለም!» እያለ እንደ አክስቱ ያቻኩለኛል። አልማዝ ቢሆንማ ይህን ያህል ባልደከምኩ እለዋለሁ። አንተም የተባለውን ሳትሰማ አብረኸን ትስቃለህ።

ዓይኔ ዛሬም ደህና ነው። ጆሮው ግን ያንተ ድርሻ ነበር።

የሚያስፈራኝ ዘፈኑ ብቻ አይደለም። የአደጋው ጩኸት፣ አዛቃው፣ ሲነሳ ባልሰማስ? ዝናሽ ብታውቅ ይህን ቤት ዘግታ ገዴራ ትወስደኛለች። ከሁሉ የሚብሰኝ ግን ሌላ ነው። ስሜን ስትጠራ መጨረሻውን ትንሽ ታስረዝመው ነበር። ያቺ ድምፅህ እስካሁን አልጠፋችኝም፤ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ዓይኔን ስጨፍን ትመጣለች። እሷም እንደ ዋሽንቱ አንድ ቀን ብትቀርብኝስ? እንዳትቀር በየጠዋቱ እጠራታለሁ፤ በሕይወት እስካለሁ ድረስ ይህን አላስታጉልም።

ነገ መጀመሪያ መስኮቱን እዘጋለሁ። የማጫወቻውን ሽፋን አነሳለሁ፤ መርፌውን በብሩሽ እጠርጋለሁ። ያንን ዘፈን ብቻዬን ሆኜ ከመነሻው እስከ መድረሻው አዳምጠዋለሁ። ከዚያ ዋሽንቱ ኖረም አልኖረም፣ ዝናሽ ጋ ደውዬ ጆሮ ሐኪም ዘንድ ውሰጂኝ እላታለሁ።