ግድግዳሽ ላይ ያለውን ወረቀት አነበብኩት

ውድ ልጄ፣

በዚህ ሰፈር ከእኔ የተሻለ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው የለም። የማታ ትምህርት መምህርታችን ራሷ መስክራልኛለች። እርግጥ የመሰከረችው ስለ ክፍላችን ነው፤ ከክፍሉም በመስኮቱ በኩል ስለምንቀመጠው። በመስኮቱ በኩል የምንቀመጠው እኔና ልብስ አጣቢዋ ነን፤ እሷም ያን ዕለት ቀርታ ነበር። ቢሆንም አንደኛ አንደኛ ነው።

ጽሕፈቱ የራሴ ነው፤ ማንንም አላስጻፍኩም። አንቺ ለሥራ ከሄድሽ በኋላ የማታ ትምህርት ገባሁ ስልሽ ቀልድ መስሎሽ ነበር፤ አልፈርድብሽም። የመጀመሪያ ቀን ጠመኔ ሲሰጠኝ፣ የቀለም ቀቢ ነገር፣ ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር በአንድ ፊደል ሞላሁት። መምህርታችን «ጋሼ፣ ፊደል ይጻፉ አልኩ እንጂ ግድግዳ ይቀቡ አላልኩም» አለችኝ። ልብስ አጣቢዋ እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ሁለተኛውን ቀለም መቼ እንደምደርብ ስትጠይቀኝ ነበር። ባለፈው ወር ጨርሰን የምስክር ወረቀት ወሰድን።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ባለፈው እሁድ ስትደውዪ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ለምትቀመጪው የፋይናንስ ሙያ ፈተና የሁለት ወር ፈቃድ ልትወስጂ እንደሆነ ነገርሽኝ። «አባባ፣ ቤት መጥቼ ክፍሌ ውስጥ ባጠና ይሻላል፤ አንተም ብቻህን አትሆንም» አልሽኝ። እኔም ክፍልሽን ቤተ መንግሥት አድርጌ እጠብቅሻለሁ ብዬ ፎከርኩ። በማግስቱ ስቱኮና ብሩሽ ይዤ ገባሁ።

ግድግዳሽ ላይ በፕላስተር የለጠፍሽው ወረቀት አለ። ያንን ክፍል ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ቀብቼዋለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ወረቀቱን ሳልነካ ዙሪያውን ዞሬ ነው የቀባሁት። የሰው ቤት ቢሆን ነቅዬ እጥለው ነበር። ያንቺን ግን ምን እንደሚል ስለማላውቅ ፈራሁት። ሰኞ ዕለት መሰላሉን አቁሜ ማንበብ ጀመርኩ። እስከ እኩለ ቀን ፈጀብኝ።

ከላይ «የጥናት ዕቅድ» ይላል። በአግድም ቀናቱ፣ በቁም ሰዓቱ። ጠዋት የወለድ ስሌት። ከሥራ መልስ የኢንቨስትመንት ምዘና። ማታ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት «አባባ»። ሰኞ አባባ። ማክሰኞ አባባ። እሁድም አባባ። ሰባቱን ቀን በጣቴ እየነካሁ ቆጠርኩ።

መጀመሪያ ኮራሁ። ከወለድ ስሌት ጎን የተጻፈ ቀለም ቀቢ ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም። ቀጥዬ የተሰረዙትን ማንበብ ያዝኩ። ፈተናው እየቀረበ ሲመጣ በቀይ እየሰረዝሽ ለጥናት አድርገሻቸዋል። «ጓደኞች» ተሰርዟል። «የእሁድ እረፍት» ተሰርዟል። እንቅልፍሽ እንኳ ከሰባት ሰዓት ወደ አምስት ወርዷል። «አባባ» ግን አንድ ቀን እንኳ አልተሰረዘም።

ልጄ፣ ያ አንድ ሰዓት አንድ ሰዓት እንዳልነበረ ሁለታችንም እናውቃለን። ወንበሬን በርሽ ላይ አድርጌ እስከ ሦስት፣ አንዳንዴ እስከ አራት ሰዓት አወራሽ ነበር። ለሁለተኛ ጊዜ ልትፈተኚ ዋዜማው ላይ፣ የአንድ ሐኪም መኖሪያ ቤት ስቀባ ከመሰላል ወድቄ ከነባልዲው አበባ መደቡ ውስጥ የተገኘሁበትን ታሪክ ነገርኩሽ። ስንት ጊዜ ሰምተሽዋል? እስክሪብቶሽን ደብተሩ መሐል አስገብተሽ «ከዚያስ?» አልሽኝ። እኔም ቀጠልኩ።

እዚህ ትተሽው የሄድሽውን ደብተርሽን አሁን ገለጥኩት፤ ይቅርታ አድርጊልኝ። መጨረሻው ምዕራፍ ላይ ርዕሱ ተጽፏል፤ ከርዕሱ በታች ገጹ ነጭ ነው። አርባ ስምንት አመጣሽ፤ ማለፊያው ሃምሳ ነው። ያኔ ፈታኞቹ ምቀኞች ናቸው ብዬ አሳቅሁሽ። ምቀኛውስ በር ላይ ወንበር ይዞ የተቀመጠው ነበር።

ይህንን ሦስተኛውን ሙከራ ብትወድቂ ያለፍሻቸው አምስቱ የትምህርት ዓይነቶችም ተሰርዘው ከዜሮ እንደምትጀምሪ ነግረሽኛል። ስለዚህ አትምጪ። ይህንን በስልክ ልነግርሽ ሁለት ጊዜ ደወልኩ፤ ድምፅሽን ስሰማ ግን መቼ ነው የምትመጪው ብዬ ዘጋሁ። እዚያው በተከራየሽው ቤት ሆነሽ አጥኚ።

ዕቅድሽን እኔ እንደገና አውጥቼዋለሁ። ስለ ወለድ ምንም አላውቅም፤ ስለ ጣሪያ ግን የሚያስተምረኝ የለም። ቀለም ቀቢ ከጣሪያ ነው የሚጀምረው፣ ክንዱ ሳይዝል። ከግድግዳ የጀመረ ሰው ጣሪያ ላይ ሲደርስ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ የጨረሰው ግድግዳ ላይም ቀለም ያንጠባጥባል። አንቺ ሁለቱንም ጊዜ የምትወጂውን አስቀድመሽ፣ የሚያስቸግርሽን ለመጨረሻ ሳምንት አቆይተሻል። ያ ነጭ ገጽ ጣሪያሽ ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት፣ በጠዋት ያዢው። ደግሞ የተላጠው ሳይፋቅ አዲስ አይቀባም፤ የወደቅሽባቸውን ጥያቄዎች አውጥተሽ የት እንደሳትሽ አንድ በአንድ ፋቂ። ያልደረቀ ላይም አይደረብም። አንድ ምዕራፍ ስትጨርሺ ሁለት ቀን ተዪውና መጽሐፉን ሳትከፍቺ የገባሽን ጻፊ፤ የሚላጠው ያኔ ይታያል። እሁድን አትሰርዢ። እንቅልፍም ሰባት ሰዓት ይሁን። እንቅልፍ ሳይተኛ መሰላል የወጣ ሰው የት እንደሚገኝ ታውቂያለሽ።

ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ያለውን ለነጩ ገጽ ሰጥቼዋለሁ።

ደብተርሽ ላይ ስለ ገንዘብ ስጋት የጻፍሽውንም አነበብኩ። ሀብትን አንድ ቦታ ማስቀመጥ አደጋ ነው፣ መከፋፈል ያስፈልጋል ይላል። ሳቅሁ። እናትሽ ከሞተች ወዲህ ያለኝ ሀብት አንድ ነው፤ እሱም አንድ አውቶቡስ ተሳፍሮ ሄዷል። ለየትኛው ቦታ ላከፋፍለው?

ስለ እኔ ግን አታስቢ። ታች ቤት ጡረታ የወጣ ልብስ ሰፊ ተከራይቶ ገብቷል። ማታ ማታ ዳማ እንጫወታለን፤ ጠጠር ስለሌለን በቆርኪ። ሊሸነፍ ሲል ያስለዋል፤ በሳሉ መሐል አንድ ቆርኪ ወደ ጎን ያሸሻል። እኔም እንዳላየሁ ሆኜ መልሼ አሸንፈዋለሁ። እንዲህ ነው የምናመሸው፤ ማታው እንዴት እንደሚያልፍ አላውቀውም።

ክፍልሽን ቀብቼ ጨርሻለሁ። ወረቀቱን አልነቀልኩም፤ ዘንድሮም ዙሪያውን ነው የቀባሁት።

ፈተናው ባለቀ ማግስት ነይ። ውጤቱ ምንም ይሁን፣ መጥቼ ከመናኸሪያ እቀበልሻለሁ።

እዚህ ላይ ፊርማዬን ላኖር ነበር፤ ግን መምህርታችን ጽፋችሁ ስትጨርሱ ከላይ ጀምራችሁ አንብቡ ትለን ስለነበር አነበብኩት። በአፌ ብዋሽ ሳቁ ይዞት ይሄዳል፤ የጻፍኩት ግን ቁጭ ብሎ ያየኛል። ልብስ ሰፊውን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ታች ቤት ቁልፍ እንደተንጠለጠለበት ነው። በሁለቱም በኩል የምጫወተው እኔ ነኝ፤ የሚያስለውም እኔ ነኝ።

ልሰርዘው ነበር፤ ተውኩት። ማታ የሚያጫውተው ሰው ያለው አባት ልጁን አትምጪ ቢል ምን ጀግንነት አለው? እኔ ግን ማንም ሳይኖረኝ ነው ያልኩሽ።

አትምጪ።

አባትሽ