ትርፌ ስላመጣችው ስልሳ አንድ

የራሳችንን ጠጉር ሳይቀር በቈጠረው፣ የባሕርንም ውኃ በእፍኙ በሰፈረው በእግዚአብሔር ስም።

ለክቡር አቶ ደመቀ፣ የትምህርት ቤታችን ዲሬክተር፤
አሰላ።

ክቡርነትዎ ከነመላው ቤተ ሰብዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ፣ ከጭላሎ የሚወርደው ውርጭ ጉልበቴን ከመያዙ በቀር፣ ቸርነቱ ወሰን የሌለው አምላክ ይመስገን፣ ጾመ ነቢያትን በደኅና እየጾምሁ ነው። የእርስዎም ጤና እንደ ማኅተምዎ የጠነከረ፣ ዕረፍትዎም በእኛ ጥያቄ የማይነካ እንዲሆን ዘወትር እመኛለሁ። ቀድሞ በዝግ ፖስታ የላክሁት ደብዳቤ በጽሕፈት ቤትዎ በሰላም አርፎ ስለሚገኝ፣ እርሱን ላለማወክ ብዬ ይህኛውን ለሚያነብ ሁሉ ግልጽ አድርጌዋለሁና ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝ።

ነገሩ የሒሳብ ነገር ነው። ባለፈው ሰኔ መጨረሻ ወላጆችን በሰንደቅ ዓላማው ሥር ሰብስበው፣ ለስድስተኛ ክፍል ልጆች ሁሉ ከአዲስ አበባ የመጣውን የሒሳብ ፈተና ውጤት እያንዳንዱን ልጅ በስሙ እየጠሩ ባነበቡልን ጊዜ፣ ያልገባን ነገር በዚያን ያህል ክብር ሲነገረን የመጀመሪያችን ስለ ነበረ አብዝተን አጨበጨብን። ስለዚያ ቀን የሚሰማኝን ምስጋና በተራ በተራ እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

፩ኛ. ስለ ወረቀቱ አጭርነት አመሰግናለሁ። በላዩ የልጁ ስም፣ አንድ ቁጥርና አንድ ማኅተም ብቻ ነበረ፤ ቁጥሩ የምን ቁጥር እንደ ሆነ በመጻፍ ቀለም አልባከነም። የሒሳብ መምህሩ አቶ ወልደጻድቅ ወደ ሮቤ ተዛውረው ከመሄዳቸው በፊት ለልጆቹም ለእኔም እንዳስረዱን፣ ያ ቁጥር ስንት ጥያቄ እንደ ተመለሰ አይናገርም። ፈተናውን የተፈተኑት የአገሩ ልጆች ቢሰለፉ፣ ይህ ልጅ ከየመቶው ስንቱን ቀድሟል የሚለውን ነው የሚናገረው። ስልሳ አንድ ያመጣ ልጅ ከመቶ ልጆች ስልሳ አንዱን ወደ ኋላው ትቷል ማለት ነው። ይህን ለመናገር የሚበቃ ትንፋሽ በዚያ ቀን ቢገኝ ኖሮ የሚከተለውን ሁሉ ባልጻፍሁ ነበር።

ከሁሩታ መንገድ ማዶ የሚያርሰው ጎረቤታችን ሀሰኖ፣ ለልጁ «ዘጠኝ» ተብሎ ሲነበብ ከዚያ ሁሉ ልጅ መካከል ዘጠነኛ የወጣ መስሎት በግ አርዶ ሰፈሩን ጠራ። እኔም ከሥጋው ባልቀምስ ልጁን መርቄ ተመለስሁ። በመስከረም ልጁ ክፍሉን እንዲደግም በተነገረው ጊዜ ሀሰኖ ወደ ደጄ መጥቶ፣ «መሪጌታ፣ በጉ ተበልቷል፤ ምርቃቱንም ተቀብያለሁ፤ አሁን የትኛውን ልመልስ?» አለኝ። መልሱን ከክቡርነትዎ እንዲጠብቅ ነገርሁት።

፪ኛ. ስለ ትርፌ ነው። እዚህ ላይ ቀልዱ ያበቃል።

አባቷን ግዛቸውን ከፊደል እስከ ዳዊት ያስተማርሁት እኔ ነኝ፤ ልጁን ወደ እርስዎ ትምህርት ቤት እንዲልክ የመከርሁትም እኔው ነኝ። ትርፌ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በአምስተኛ ክፍል፣ መምህሯ ባወጡት ፈተና፣ በሒሳብ ከመቶ ሰማንያ አራት አምጥታ ነበር። ግዛቸው በዚያው ሰኔ የሁለቱን ዓመት ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ ገብስ ዘርቶ የሚያድር ሰው እንደሚያስበው አሰበ። አምና ሰማንያ አራት የሰጠ መሬት ዘንድሮ ስልሳ አንድ ከሰጠ ደክሟል፤ የደከመ መሬት ደግሞ ጦም ያድራል እንጂ ዘር አይጣልበትም። ስለዚህ ትምህርት ቤት ሲከፈት ትርፌ ቤት ቀረች። ጦም ባደረ መሬት ላይ የሰው ከብት መግባቱ አይቀርምና፣ በጥቅምት ከዲክሲስ ሽማግሎች መጥተው ለአንድ ሰው አጯት። ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ እንዲሆን ተቈርጧል። ልጅቱ ገና ልጅ ናት።

ልጅቱ አላለቀሰችም። በአባቷ ፊት ቆማ፣ «አባዬ፣ መቶ ልጅ ቢሰለፍ እኮ ስልሳ አንዱ ከኋላዬ ነው» አለችው። «አምናስ ሰማንያ አራቱ ከኋላሽ አልነበሩም? ሀያ ሦስቱ በየት በኩል ዞረው ቀደሙሽ?» አላት። እናቷ አፀደ ደግሞ ከጓዳ ሆና፣ «ተይ ልጄ፣ ሀያ ሦስት ሰው አሳልፈሽ ደግሞ ትመልሻለሽ?» አለቻት። ክቡር ሆይ፣ መቀነሱ ልክ እንደ ሆነ ልብ ይበሉልኝ፤ በዚያ ቤት ሒሳብ የማያውቅ ሰው የለም። የጎደለው ቁጥሩ የምን ቁጥር እንደ ሆነ የሚነግራቸው ሰው ብቻ ነበር።

እኔም ሄጄ በማውቀው መንገድ አስረዳሁት። በባሕረ ሐሳብ አበቅቴና መጥቅዕ የተባሉት የዘመን ቁጥሮች ተደምረው ሠላሳ ይሆናሉ፤ አንዱ ባነሰ ጊዜ ሌላው ይበዛል፤ ነገር ግን ከአባቶቻችን መካከል አበቅቴው አነሰ ብሎ ዓመቱ ሰንፏል ያለ አንድም አልተገኘም፣ ምክንያቱም የምን ቁጥር እንደ ሆነ ያውቁ ነበር አልሁት። ቆሞ በአክብሮት ሰማኝ። ስጨርስ፣ «የኔታ፣ የነፍሴን ነገር ከእርስዎ አፍ እሰማለሁ፤ ይኸኛው ግን የመንግሥት ማኅተም አለበት» አለኝ። ማኅተምዎ በሕዝቡ ዘንድ እንዴት እንደሚፈራ ይህ ያስረዳዎታልና እንኳን ደስ ያለዎ።

፫ኛ. ስለ አቀባበልዎ አመሰግናለሁ። ከግዛቸው ቤት ወጥቼ ወደ እርስዎ በመጣሁ ጊዜ በበረንዳው ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ለሽማግሌ ወገብ የሚስማማ መሆኑን ከጠዋት እስከ ቀትር ተቀምጬ አረጋገጥሁ። በመጨረሻም ወጥተው፣ «መሪጌታ፣ ውጤት መስጠት የእኛ ነው፤ መረዳት የወላጅ ነው» ብለው አሰናበቱኝ። ከዚያ ወዲህ ይህን ቃል በጸሎቴ መካከል ሳይቀር አስበዋለሁ። በብልጣሶር ግድግዳ ላይ ማኔ ቴቄል ፋሬስ ብሎ የጻፈው አምላክ፣ ንጉሡ ንዋየ ቅድሳትን ያረከሰ ቢሆን እንኳ፣ ጽሕፈቱን የሚተረጕም ዳንኤልን አልነፈገውም፤ ያ ክፉ ንጉሥ የሞተው ትርጓሜውን ሰምቶ ነው። ግዛቸው ግን ንዋየ ቅድሳት አላረከሰም። ሰኔ ላይ በተሰጠው ወረቀት የገዛ ልጁን ሊድር የተነሣ፣ ልጁን የሚወድ አባት ነው። የሚወዳት ባይሆን ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ባላስቀመጠ ነበር።

የምለምንዎ ትንሽ ነገር ነው። አዲስ ፈተና አይላኩልን፤ አዲስ ወረቀትም አይጻፉልን። ኮትዎን ለብሰው ከጥምቀት በፊት ወደ ግዛቸው ደጅ ይዝለቁና፣ የአምስተኛ ክፍሉ ቁጥርና የስድስተኛ ክፍሉ ቁጥር በአንድ ቁና የተሰፈሩ አይደሉም ብለው ይንገሩት። ከሌላ ሰው አይሰማም፤ ማኅተሙን ከሚያሳርፈው እጅ ባለቤት ግን ይሰማል። የአንዱ መንደር ቁና ከሌላው መንደር ቁና እንደሚለይ በገበያ ኖሮ የሚያውቅ ሰው ስለ ሆነ፣ ይህ ቃል ወዲያው ይገባዋል። መንገዱ ጭቃ ከሆነብዎ በቅሎዬን እልካለሁ።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለጽሕፈት ቤትዎ የማይደፈር ጸጥታ፣ ለበረንዳዎ ወንበር ከእኔ ይልቅ ወጣት የሆነ ተቀማጭ እየተመኘሁ፣ በትሕትና እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

ስለ ዝምታዎ ትጋት ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምመሰክር፣
መሪጌታ ሀብተ ማርያም
አሰላ፣ ታኅሣሥ ፲፱፻፶፪ ዓ.ም.፣ በዘመነ ዮሐንስ

ማስታወሻ፤ ይህን ጽፌ ሳልጨርስ ከዲክሲስ የሙሽራው ወገኖች መልእክተኛ ልከዋል። ሠርጉ ጥምቀትን ሳይጠብቅ በገና ማግስት እንዲሆን ጠይቀዋል፤ ምክንያታቸውም «እስከዚያ ብትቈይ ቁጥሯ ደግሞ እንዳይወርድ» የሚል ነው። ግዛቸውም ምክንያቱን አክብሮ ተቀብሏል። ስለዚህ ከላይ የጠየቅሁትን ቀን አጥብበው እንዲያነቡልኝ አሳስባለሁ።

ደግሞም ልጅዎ ፍሰሐ በዚያው ፈተና ሠላሳ ስምንት ማምጣቱ በገዛ አፍዎ ሲነበብ ሰምተን ከሌሎቹ ጋር አጨብጭበንለት ነበር። በአምስተኛ ክፍል ከሰባ በላይ አምጥቶ እንደ ነበረም ሰምቻለሁ። ዛሬ ጠዋት ደብተሩን ይዞ ወደ ሰባተኛ ክፍል ሲገባ አይቼ ደስ አለኝ፤ ወረቀቱን ማንበብ የሚችል አባት አለውና ቁጥሩ አላስቀረውም። እግዚአብሔር ያሳድግልዎ፤ ቤትዎን በሰላም፣ ጎተራዎን በበረከት ይሙላልዎ። ለትርፌ ያዘጋጀሁትን ምርቃት ግን እርስዎ በበሯ እስኪቆሙ ድረስ አቈይቼዋለሁ።