በግራ በኩል ያለው ዳዶ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 12
ከጥገና ቤታችን

ውድ አባዬ፣

እህቴ ጋ ሆነህ የምትታከመው ወገብህ እንዴት ሆነልህ? እኔ ጥፍሬ ሥር ገብቶ አልወጣም ካለው ግራሶ በቀር ደህና ነኝ። የተባባልነው አንተ በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሰህ ሥራህን ልትይዝ፣ እኔም ሰኞ ፋብሪካ ልገባ ነበር። ሸሚዜን እንኳ ተኩሼ ሰቅያለሁ። ዛሬ ግን የገጠመኝን ሳልነግርህ ማደር አልቻልኩም።

ጠዋት በሩን ሳልከፍት አዋላጇ ብስክሌታቸውን ተሸክመው ደረሱ። ቁልቁለቱ ላይ የኋላ ጎማው ድንገት አልዞር ብሎ ጥሏቸው ክርናቸው ተልጧል። ከኮረብታው ማዶ ምጥ የያዛት ሴት ትጠብቃቸዋለች፤ መንገዱ ደግሞ መኪና አያስገባም። አባትሽ ቢኖሩ በሩብ ሰዓት ይጨርሱልኝ ነበር አሉና በሩ ላይ ቆሙ። አልተቀመጡም።

ጎማውን አውጥቼ ሞርሳው መንጋጋ ውስጥ አሰርኩት። በቀኝ፣ በሰንሰለቱ በኩል ያለውን ዳዶ ዝገት ውጦታል። ጥፋቱ እሱ ነው ብዬ ደመደምኩና በሱ ጀመርኩ። መፍቻ ቁልፉ አዳልጦኝ ጣቴን ላጠኝ። የቁልፉን እጀታ በቧንቧ አስረዘምኩት፤ እጀታ ሲረዝም ጉልበት ይጨምራል፣ ፈተና ላይ መቶ ያገኘሁበት ነው። የዳዶው ጠርዝ መላጥ ጀመረ።

«አራት ዓመት ሙሉ ኮሌጅ ይህን ነው ያስተማሩሽ?» አሉኝ አዋላጇ።

ከእጅ አይሻል ዶማ ማለት እኔ ነኝ። ቧንቧውን ጥዬ ያንተን ዘዴ ያዝኩ፦ ናፍታ አጠጣሁት፣ ዙሪያውን በትንሿ መዶሻ አንኳኳሁ፣ ቆየሁለት፣ ከዚያ ለመፍታት መጀመሪያ ትንሽ አጠበቅሁት። መቆየቱ ነው የገደለኝ፤ አዋላጇ ሰዓታቸውን ደጋግመው ያያሉ። በሦስተኛው ሙከራ ጮኸና ለቀቀ። ጎማው ግን አሁንም አልዞረም።

ወደ ግራው ዞርኩ። ቁልፉን ሳላስጠጋው ዳዶው በጣቴ ዞረ። ይህ መቆለፊያ ዳዶ ስላልጠበቀ ውስጠኛው ዳዶ በየመንገዱ እየጠበቀ ሄዶ የኩሽኔታ ኳሶቹን ጨምድዶ ይዟቸዋል። ስከፍተው ተበተኑ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፣ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ለቀምኩ። ሁለቱ ተሰንጥቀዋል።

ይህን ጎማ መቼ አሠሩት ብዬ ጠየቅኋቸው። አባትሽ ሊሄዱ ሲሉ፣ የመጨረሻው ቅዳሜ ዕለት አሉኝ።

ያን ቅዳሜ በር ላይ ሆኜ ጎማ ስነፋ፣ ቁልፉን ከቀኝ ወደ ግራ እጅህ ስታዛውር አይቼሃለሁ። የደከመህ መስሎኝ ነበር።

«ምን ሆኖ ነው?» አሉ አዋላጇ።

«ያን ቀን የግራውን ዳዶ ሳላጠብቅ የተውኩት እኔ ነኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ትክ ብለው አዩኝ። «ውሸት አይሆንልሽም ልጄ» አሉና፣ የተሰነጠቁትን ቀይሬ ጎማውን እስክገጥም ጠብቀው ሄዱ። ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ ደወላቸውን ሁለቴ መቱልኝ። እናትየውም ልጇም ደህና ናቸው።

አባዬ፣ አትቆጣ፤ ፋብሪካ ደውዬ ሰኞ እንደማልገባ ተናግሬያለሁ። ሁለት ሳምንት ሰጡኝ፤ ከዚያ ወዲያ ቦታውን ለሌላ ሰው ነው የሚሰጡት። ያን ሥራ ምን ያህል እንደምፈልገው ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ግን አንተ ብቻህን ቁልፍ ይዘህ፣ ሰው ደግሞ ባንተ ተማምኖ ቁልቁለት ሲወርድ እያሰብኩ ፋብሪካ አልገባም። ሐኪሙን ስለ ወገብህ ብቻ አታናግረው፤ ስለ እጅህም ንገረው።

ያለፉት ሁለት ደብዳቤዎችህ በእህቴ እጅ የተጻፉ ናቸው፤ መነጽሬ ጠፍቶ ነው ብለሃል። የዚህን መልስ አንተው ጻፍልኝ፣ በቀኝ እጅህ። ሁለት መስመር ይበቃኛል። ፊደሉ ቢንጋደድም አነበዋለሁ።

ፈጣሪ አንተን ከነሙሉ ጤናህ ይመልስልኝ።

ትንሿ ልጅህ